ከመርዶ የሚቀድሙ እናት

ሳሪስ አቦ፣ ሙህሲን ሱቅ ደጃፍ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ አግዳሚው ላይ የሚቀመጡ እናት አሉ። ስማቸውን አላውቅም፤ ጨዋታቸው ግን ለጉድ ነው። ነጠላቸው በእጥበት ብዛት ሳስቷል፤ እግራቸው ላይ ጦር ሜዳ ያለው ልጃቸው ትቶት የሄደው ሰፊ ስኒከር አለ። መርዶ ማለዳ፣ ያውም ቤት ድረስ ተመጥቶ አይደል የሚነገረው? እሳቸው እንግዲህ ቤት እንዳይገኙ ቀድመው ይወጣሉ።

ሙህሲን ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የአገሪቱ መሪ ስለ ጦርነቱና ስለ ኑሮ ውድነቱ እያብራሩ ነው። እናትየው ድምፁን ያስጠፉታል።

"ወሬውን ተወው፤ እኔ ፊቱን ነው የማየው። ዛሬ ከስቷል።"

"እማማ፣ ዘይት አልተወደደበት፣ ምን ያከሳዋል?" ይላል ሙህሲን።

"የሁላችን መርዶ መጀመሪያ እሱ ጋ አይደል የሚደርሰው? የልጄንም ነገር ከእኔ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።"

ትናንት ማለዳ የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው በሱቁ በኩል ብቅ አሉ። ቤት አጥተዋቸው ነው የመጡት። እናትየው አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም።

"ሙህሲን ልጄ፣ በል ድምፁን ልቀቀው" አሉ። "በደንብ ልቀቀው።"