የለጠፍሁት ካርታ አጥር ሆነ

ዛሬ ጉና ሥር አክስቴን ልጠይቅ ስሄድ፣ የሁለት ጎጥ ከብትና በግ ተቀላቅሎ ሲግጥበት የኖረው መስክ መሐል ለመሐል በእሾህ ታጥሮ አገኘሁት።

«ማን አጠረው?» አልኋቸው አክስቴን።

«አንተ ነሃ!» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ የአካባቢያችንን የድሮ ካርታ ለጥፌ፣ ከሥሩ «ካርታ አይዋሽም!» ብዬ ጽፌ ነበር። መስኩን የሚያቋርጥ አንድ ቀጭን ቡናማ መስመር ነበረው። የማዶው ጎጥ ሰዎች «ወሰናችን ይኸውና» ብለው ደብረ ታቦር ወርደው ከነጽሑፌ አሳተሙት፤ በላስቲክ ላሚኔትም አስደረጉት። እኔ ላይክ ስቆጥር እነሱ ችካል ሲቸክሉ ሰንብተዋል።

መስመሩ እኮ ወሰን አይደለም፤ የመሬቱን ከፍታ ነው የሚያሳየው። ይህን እያወቅሁ አንዲት ቃል ማብራሪያ አልጻፍሁም።

ከብቱ ሁሉ የሚጠጣበት ምንጭ ከአጥሩ ወዲያ ቀርቷል። አክስቴ በዚያ ዕድሜያቸው ለበጎቻቸው ውኃ በጄሪካን ያመላልሳሉ።

ከአጥሩ ማዶ የነበሩትን አዛውንት እጅ ነስቼ፣ ስለ መስመሩ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ካርታውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ከታች ያለውን ጽሑፍ በጣታቸው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ‘ካርታ አይዋሽም’ ያልኸው አንተው አይደለህ እንዴ?»

ጄሪካኑን ተሸክሜ አክስቴን ተከተልሁ።

ጽሑፉን አሁን አጥፍቼዋለሁ። የአዛውንቱን ላሚኔት ግን ዝናብም አያጠፋውም።

እናንተስ፣ በቅን ልብ የለጠፋችሁት ነገር ሰው አጣልቶባችሁ ያውቃል? እንዴት አስታረቃችሁ? ቶሎ ንገሩኝ፤ የአክስቴ በጎች አጥሩ ሥር ቆመው ምንጩን እያዩ ነው።