የገፋ ይሳፈራል

የአጎቴ ፒካፕ በዕድሜ ይበልጠኛል። ያን ሰሞን ቁልፉ ሲዞር የፊቱ መብራቶች ይበራሉ እንጂ ሞተሩ አይነሳም ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከኮኪት የምንወጣው በሰው ጉልበት ነው። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ከኋላ ይገፋሉ፤ አጎቴ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ ሞተሩ ሲያጓራ ሁሉም ሮጠው ይንጠለጠላሉ። ማንም ሳያውጀው የጸና ሕግ ነበር፤ የገፋ ይሳፈራል። ሒሳብ የሚጠይቀው የለም።

ከገፊዎቹ አንዱ ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ወባ ጥሏቸው ገና መነሳታቸው ነበር። እርሻው ድረስ በእግራቸው መሄድ አይችሉም፤ አርፍደው ከደረሱ ደግሞ አሠሪው ቦታቸውን ለሌላ ይሰጣል። ሲገፉ መዳፋቸው ቆርቆሮው ላይ ያርፋል፣ ያ ነው ግፊያቸው። ጎረምሶቹ ይህን ያውቃሉ። «አባቴ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ መኪናውን ሱዳን ሊያሻግሩት ነው» ይሏቸዋል። እርሳቸውም ስቀው ይሳፈራሉ።

አንድ ቀን ዋልካ መሬት መሐል ሞተሩ ጠፍቶ ሁላችንም ጭቃ በጭቃ ሆነን ዋልን። አጎቴ በቃው። መተማ ገበያ ወርጄ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች መሐል ልኩ የሆነ ማስነሻ፣ ቁልፉ የሚዞርበትን ዕቃ፣ አገኘሁ። እሑድ ዕለት የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፤ ከመሪው ሥር ያለውን ሽፋን በካቻቢቴ ነቀልሁ። የአሮጌው ማስነሻ ውስጡ ነዶ ጠቁሯል። ሽቦዎቹ ቀለማቸው ጠፍቶ ሁሉም አቧራ መስለዋል፤ እንዳላምታታቸው አንዱን ከአሮጌው ስነቅል ወዲያው አዲሱ ላይ እሰካለሁ። ስጨርስ አጎቴ ቁልፉን አዞረ፤ ተነሳ። አጠፋው፤ ደግሞ አስነሳው፤ ደስ ስላለው ብቻ።

ሰኞ ሠራተኞቹ ሲመጡ ሞተሩ እየሠራ ጠበቃቸው። ጎረምሶቹ ዘለው ወጡ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ቆርቆሮው ዘረጉና መለሱት። ማጭዳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው መንገዱን ጀመሩ።

«አባቴ፣ ይውጡ እንጂ» አልኋቸው።

«ምን ሠርቼ?» አሉ። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቀስ እያልሁ እደርሳለሁ።»

እንደማይደርሱ እርሳቸውም እኛም እናውቃለን። ለመንኋቸው፤ አልሰሙኝም።

አጎቴ በመስኮቱ አያቸው። ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ቁልፉን መልሶ አዞረና መብራቶቹ እስኪበሩ ድረስ ብቻ፣ በአሮጌው ማስነሻ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አቆመው።

«ይች ነገር ዛሬም አመሏ ተነሳ» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «አባቴ፣ እባክዎ ትንሽ ይርዱን።»

አንዱ ጎረምሳ አፉን ሊከፍት ሲል ጓደኛው በክርኑ ጎሰመው። ሁሉም ወረዱ። ሽማግሌው ተመልሰው መዳፋቸውን የለመዱት ቦታ ላይ አሳረፉ። እኔም ከጎናቸው ገፋሁ። ሞተሩ ሲያጓራ ጎረምሶቹ ብብታቸውን ደግፈው አወጧቸው።

ጥቂት እንደሄድን ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ነገስ በራሷ ትነሳ ይሆን?»

«አይመስለኝም» አልኋቸው።