ቅቤ የጠጣችው ቱቦ

ልጅ እያለሁ ወደ አገራችን መካነ ኢየሱስ የምትመጣው መኪና አንዲት ነበረች፤ እሷም በበጋ ብቻ። የጃንሆይ ዘመን ነው፤ መንገዱ ጥርጊያ ስለነበር ክረምት ከገባ ወሬዋም አይሰማም። እኩዮቼ ያቺን መኪና ሲያነሱ ከኋላዋ ተንጠላጥለው የወደቁትን መውደቅ እያወሩ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። እናቴ የሞተችው እዚያች መኪና ውስጥ ነው።

ሹፌሩ ጋሽ ምስጋናው በገበያ ዋዜማ መጥቶ እኛ ግቢ ያድር ነበር። ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሳ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ውሃ የሚያመላልሱትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ በእጁ ይጨብጣል፤ ማሰሪያቸውንም ያጠብቃል። አንድ ቀን ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የምትሄደዋን የላይኛዋን ቱቦ ለአባቴ አሳየው። "ደርቃለች አያ ካሴ፤ መሰንጠቅም ጀምራለች። አዲሷ ከጎንደር እስክትመጣልኝ እንግዲህ እመብርሃን ትጠብቀን" አለው።

አባቴ ገበሬ ነው። የሞፈሩን ምራን፣ የበቅሎውን ጠፍር፣ ቤታችን ያለውን የቆዳ ጠፍር ሁሉ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በቆየ ቅቤ እያሸ ነው የሚያኖረው። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ባደረች ቁጥር ጋሽ ምስጋናው ራቱን ሲበላ፣ አባቴ ሹልክ ብሎ ወጥቶ ያቺን ቱቦ በቅቤ ያሻታል፤ እንዳታቆሽሽም በጨርቅ ይወለውላታል። ለእንግዳ ያደረጉትን ማውራት ነውር ነውና አልነገረውም። እኔም እንዳልናገር በዓይኑ ገሠጸኝ።

ሰንበትበት ሲል ጋሽ ምስጋናው ቱቦዋን ጨብጦ ፊቱ ጨለመ። "ለስልሳለች። አልወደድኳትም" አለ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ፤ ድካሙ የሠመረለት መስሎት ነበር። ያ ፈገግታ እስካሁን ያስፈራኛል።

እናቴን ምጥ ጠንቶባት አዋላጆቹ ተስፋ ሲቆርጡ መኪናዋ ግቢያችን ነበረች። እድል ነው ተባለ። ጋሽ ምስጋናው ጭነቱን አራግፎ፣ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሊያደርሳት ጋቢና አስገባት፤ እኔና አባቴም አብረን ተሳፈርን። ዳገቱን ስናጋምስ ፉጨት ሰማን፤ ነጭ እንፋሎት ኮፈኑን ሸፈነው። ቱቦዋ ተተርትራ ውሃው ሁሉ መንገዱ ላይ ፈሷል። ጋሽ ምስጋናው በጨርቅ ጠቅልሎ በገመድ ሊያስራት ሞከረ። አባቴ ገደል ወርዶ በቅል ውሃ ቀድቶ ወጣ። ገመዱ ጠበቅ ባለ ቁጥር ግን ጎማው እንደ ሊጥ እየተቆረሰ ሹፌሩ እጅ ላይ ቀረ።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ትጮህ ነበር። በኋላ የአባቴን ስም ብቻ ትጠራ ጀመር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዝም አለች፤ ልጁም በሆዷ ቀረ።

ጋሽ ምስጋናው ያን ቁራጭ ጎማ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠውን አባቴን ዞሮ አየው። "ጎማ ነው አያ ካሴ፤ አርጅቶ ነው" አለና ቁራጩን ወደ ገደሉ ወረወረው።

ያን ጊዜ ምንም አልገባኝም። አድጌ መኪና ከገዛሁ በኋላ ነው፣ አንድ መካኒክ የመኪናዬን ቱቦ ጨብጦ "ዘይት ነክቶታል፤ ጎማን ቅባት ከነካው ያብጣል፣ ይበሰብሳል" ሲለኝ ነገሩ የገባኝ። ጋራዡ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዛሬ መካነ ኢየሱስ ሐኪም አለ። ደብረ ታቦርም ቢሆን ቁርሱን በልቶ የወጣ ለምሳ ይደርሳል። አባቴ አርጅቷል፤ ዓይኑም ፈዟል። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር እጄን ይዞ ያንኑ ይነግረኛል።

"እኔስ የምችለውን አድርጌ ነበር ልጄ። ያቺን ቱቦ እንኳ ሳላሻት ያደረችበት ጊዜ የለም። አንቺም አይተሻል።"

"አዎ አባባ" እለዋለሁ፤ "አይቻለሁ።"