የታላቋ ተራ

መቀስ የምንላት ለሙያዋ ብቻ አይደለም፤ ምላሷንም ፈርተን ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። የመዘምራን ልብስ ከእጃችን ጠፍቶ አያውቅም። እናቶች ልጆቻቸው ቤተ ክርስቲያን አንሄድም ሲሏቸው ምክር የሚጠይቁት እሷን ነበር። "እንጨት የሚቃናው በእርጥቡ ነው" ትላቸው ነበር፣ ደረቷን ነፍታ።

በቤቷ ከእራት በፊት ሁሉም ተንበርክኮ በዕድሜ ተራ ይጸልያል፤ አባት፣ እናት፣ ታላቅ፣ ታናሽ። አንድ ምሽት ታላቋ ልጅ ተራዋ ሲደርስ "የምለው የለኝም" አለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። መቀስም "እስክትጸልዪ ማንም ከዚህ አይነሳም!" ብላ ቁርጥ አደረገችው። እራቱ ቀዘቀዘ፣ የአባትየው እግር ደነዘዘ፣ ልጅቷ ትንፍሽ አላለችም። በሳምንቱ ልብሷን ሸክፋ አክስቷ ቤት ገባች። ለአባቷ ትደውላለች፤ እናትየው ስልኩን ስትቀበል ግን ይዘጋል።

ከዚያ ወዲህ መቀስ የራሷን ጸሎት ስትጨርስ ለታላቋ ተራ ዝም ትላለች። ሁሉም ዝም ይላል። አንድ ጊዜ እኔም ቤታቸው ተገኝቼ አብሬያቸው ተንበርክኬ ነበር። በመካከላችን የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ትተዋል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚያ የሆነ ሰው ትንፋሹን የዋጠ መስሎኝ ዓይኔን መግለጥ ፈራሁ። ታናሿ ልጅ ግን ለምዳዋለች መሰለኝ፣ ዝምታው ሲያበቃ የራሷን ቀስ ብላ ጸለየች።

ባለፈው ሳምንት ይህቺው ታናሽ መዘምራን ውስጥ ልትገባ ነውና ልብስ ልትለካ መጣች። አሥራ አምስት ዓመት አልሞላትም፤ ቀጭን ናት። መቀስ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ልጅቷን ሳትለካ ጨርቁን መቁረጥ ጀመረች።

"እማዬ፣ ይሄ እኮ የእህቴ ልክ ነው።"

መቀስ የቆረጠችውን አየች። እውነትም ሁለት ታናሽ የሚይዝ ነበር።

"ውይ የኔ ልጅ፣ እጄ ለምዶብኝ ነው።"

"እጅሽ ብቻ አይደለም። እሷ የለችም፣ የምታዳምጪው ግን እሷን ነው። ትናንት አባዬ አምሽቶ ሁለታችን ብቻ ሳለን ምን ብዬ እንደጸለይኩ ታውቂያለሽ?"

መቀስ የቆረጠችውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች። እኔም አንገቴን ቁልፌ ላይ ደፋሁ።

"እንደ እሷ ከቤት ለመውጣት ድፍረት ስጠኝ አልኩት" አለች ልጅቷ። "ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። አንቺም አሜን አልሽ።"