ያልወረደው ግፊትና የሸህ እንድሪስ ጉልበት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋውኔ ከፌስታል ወጥቶ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም ነበር። የወረኢሉ ልጅ ነኝ፤ ብርድ አዲስ አይሆንብኝም። የዚያን ቀን የመካነ ሰላም ጠዋት ግን ጣቶቼን አደንዝዟቸው ስቴቶስኮፑን ሁለቴ ጣልኩት።

የመጀመሪያ ታካሚዬ አንድ ገበሬ ነበር። ከቆላው ዳገቱን ወጥቶ ላቡ ሳይደርቅ ክንዱን ጠቅልዬ የደም ግፊቱን ለካሁት። ቁጥሩን ሳይ «ኧረ ሰውየው ሊሞትብኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ጤና መኮንኑ አቶ ታደለ፣ ቀስ ብለው ገቡ። አቧራ የለበሰውን የገበሬውን ጫማ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ሲስተር፣ የለካሽው ሰውየውን ነው ዳገቱን?» አሉኝ።

ገበሬው ራሱ ሳቀ። አሳርፌ ስለካው ግፊቱ ከእኔ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

አቶ ታደለ አይቆጡም፤ ግን አይለቁም። ታካሚው አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ ክንዱ ከልቡ ትክክል ይሁን፣ መጠቅለያው በልብስ ላይ አይታሰር፣ ሁለቴ ይለካ። የልብሱ ነገር ብዙ አስለፍቶኛል። የእኛ አገር ሰው ጋቢህን አውልቅ ሲባል ቤትህን አፍርስ የተባለ ይመስለዋል። እኔም ምላሴ ቀድሞኝ የሚሄድ ሰው ነኝና ከስንቱ ሽማግሌ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ።

ከዓመታት በኋላ የግፊት ክትትል ክፍሉን ሰጡኝ። ካርዶቼ ንጹሕ፣ ጽሕፈቴ የሚነበብ ነበር። እውነቱን ልናገርና ኮርቼ ነበር። ይህን ጊዜ ነው ሸህ እንድሪስ የመጡት።

ሸህ እንድሪስ በወግዲ መንገድ ካለች መንደር የሚመጡ የቁርአን መምህር ናቸው። ግፊታቸው ከላይ መቶ ሰማንያ፣ ከታች መቶ ነበር። በደንቡ መሠረት ጠየቅኳቸው።

«አፊያ ነዎት?»

«አልሃምዱሊላህ!»

«የሚያምዎት ነገር አለ?»

«አልሃምዱሊላህ ልጄ። ያ ጌታ ምን አጉድሎብኝ!»

«ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ኧረ የለም።»

እኔም «ሌላ ሕመም፦ የለም» ብዬ ባማረ ጽሕፈት ጻፍኩ። አንድ ክኒን ታዘዘላቸው። ግፊቱ ወይ ፍንክች! መጠኑ ተጨመረ። ያው ነው። ሁለተኛ ዓይነት ታከለበት። ያው ነው። በየቀጠሮው እጠይቃለሁ፤ በየቀጠሮው አልሃምዱሊላህ ይላሉ፤ በየቀጠሮው «የለም» ብዬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አይውጡም ብዬ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ ባዶውን ማሸጊያ ይዘው መጥተው ፊቴ ዘረገፉት፤ አንዲት ክኒን ሳትዋጥ አልቀረችም። እንግዲያው ጨው ነው አልኩ። «እርስዎ ነዎት በጨው የሚጨርሷቸው!» ብዬ በሰው ፊት ተናገርኳቸው። ወይዘሮ ዘሀራ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ሸሁ ዞር ብለው «አብሽሪ ልጄ፣ አትቆጪ፤ ቁጣ ለአንቺም ግፊት ነው» አሉኝ። ይባስ ብሎ ተናደድኩ።

አቶ ታደለ ካርዱን አገላብጠው ሦስተኛ መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት የሸሁ ኩላሊት በደም ምርመራ ይታይ አሉ። ካልሆነም ወደ ደሴ ሆስፒታል እንልካቸዋለን አሉ። ይህን ስነግራቸው የሸሁ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቆረ። «ደሴ ከሄድኩ ደረሶቼን ማን ያስቀራል?» አሉ፤ የቁርአን ተማሪዎቻቸውን ማን እንደሚያስተምር መጨነቃቸው ነው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ከማስተማር ሌላ ሕይወት የላቸውም።

የደሙን ውጤት ሲጠብቁ የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ደረሰና መስገጃ ቦታ ጠየቁኝ። ባዶ ክፍል ከፍቼ ንጹሕ አንሶላ አነጠፍኩላቸው። ካርድ ላመጣ ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሸሁ አንሶላው ላይ የሉም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ፤ ግንባር መሬት የሚነካበት ሱጁድ ሲደርስ አንገታቸውን ብቻ ደፋ ያደርጋሉ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ያደግኩት ግን ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ነው። ጤነኛ ሰው ወንበር ላይ እንደማይሰግድ አውቃለሁ። ሲጨርሱ ዘው አልኩ።

«ጉልበትዎን ያምዎታል አይደል?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«ኧረ በፈጣሪ ሸህ እንድሪስ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

ዝግ ብለው አዩኝ። «እኔ መች ደበቅኩ ልጄ? አመሰገንኩ እንጂ» አሉ።

እኔም እኮ ወገቤ እየቆረጠኝ ጎረቤት እንዴት አደርሽ ሲለኝ «ተመስገን» ነው የምለው። እንዲህ እየተባባልን ስንኖር፣ እኔ የሰውን ምስጋና እንደ ምርመራ ውጤት ካርድ ላይ ስገለብጥ ኖሬያለሁ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ጥያቄውን ለወጥኩት።

«ምስጋናዎን አምኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ግንባርዎ መሬት ከነካ ስንት ጊዜ ሆነው?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሁለት ረመዳን አለፈው» አሉ።

እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ። ከዚያ ለሕመሙ ምን እንደሚያደርጉ ጠየቅኳቸው። ከኪሳቸው የዲክሎፌናክ ክኒን አወጡ። ከገበያ ነው የሚያስገዙት። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይውጣሉ፤ ያለዚያ ከደረሶቻቸው ጋር መሬት ላይ መቀመጥ አይችሉም።

«ሌላ መድኃኒት የለም ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ይህ ምኑ መድኃኒት ነው? ማስታገሻ ነው» አሉኝ። ሰውየው ዋሽተውኝ አያውቁም።

ክኒኑን ይዤ ወደ አቶ ታደለ በረርኩ። የደሙ ውጤት እጃቸው ላይ ነበር፤ የሸሁ ኩላሊት መጎዳት ጀምሯል።

«ስሚ ሲስተር» አሉኝ። «ሕመም ቀን ከሌት ያልለቀቀው ሰው ሰውነቱ አያርፍም። ልቡ ይፈጥናል፣ ደም ሥሩ ይጠባል፣ ግፊቱ ይወጣል። ይህ አንዱ ነው። ዲክሎው ደግሞ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ የእኛን መድኃኒት ይታገላል፣ ኩላሊት ይጎዳል። እኛ ስናወርድ ክኒኑ ሲያወጣ ነው የከረምነው።»

«ካርዶቼን ሁሉ ቀድጄ በጣልኳቸው!» አልኩ።

«ካርዱ ምን አጠፋ? አርሚው» አሉኝ። በሌላ አለቃ እጅ ቢሆን ያን ቀን ሥራዬን እጠላ ነበር። እግዜር ይስጣቸው።

ዲክሎው ያን ዕለት ቆመ። ፓራሲታሞል ታዘዘ። የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አልጋ ላይ አስተኝቼ አሳየኋቸው፤ ምርኩዝ ያዙ። ከሁሉ የከበዳቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስተማሩ ነበር። «ደረሳ መሬት፣ እኔ ወንበር?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ያስቀመጧቸው ወይዘሮ ዘሀራ ናቸው፤ እንዴት እንዳደረጉት አልጠየቅኩም።

ወይዘሮ ዘሀራን ስለዚያ የጨው ነገር አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። «አፉ ብያለሁ» አሉ። «ያን ጨው የሌለውን ወጥ ግን አንቺ ብትበይው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።»

የሸሁ ኩላሊት ይመለስ አይመለስ ሳናውቅ ሳምንታት ቆየን። በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ስማቸውን እጠራ ነበር። ሁለተኛው ምርመራ የተሻለ ሆነ፤ ሦስተኛው ደህና። ግፊቱ ቀስ በቀስ ወረደ። ሦስተኛው መድኃኒት ሳንጀምረው ቀረ፣ ደሴም ቀረ።

ከዚያ በኋላ ካርዶቼን አንድ በአንድ አየሁ። «ያምዎታል ወይ?» ማለቱን ትቼ «ድሮ የሚሠሩት፣ አሁን የተዉት ምን አለ?» እላለሁ። ጉድ ነው የሰማሁት! አንድ መሪጌታ ማኅሌት መቆም ከተዉ ዓመት አልፏቸዋል። አንዲት እናት ራስ ምታቷን በክኒን እያባበለች ገበያ መሄድ አቁማለች። ሁለቱም ካርድ ላይ በእኔ ጽሕፈት «የለም» ተብሏል።

ሸህ እንድሪስ ግንባራቸው መሬት አልነካም። ያረጀ ጉልበት በእኛ ክኒን አይታደስም፤ ይህን ነግሬያቸዋለሁ። ጡረታ ልወጣ ሰሞን ለመጨረሻ ጊዜ ለካኋቸው። መቶ ሠላሳ በሰማንያ።

«አፊያ ነዎት?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «ጉልበቴን ያመኛል፤ አልሃምዱሊላህ» አሉ።

ሁለቱንም ጻፍኩ።

ለእናንተ ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ነው። ግፊቱ አልወርድ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ክኒን ከመጨመራችሁ በፊት ምን እንደተወ፣ ለሕመሙም ምን እንደሚውጥ ጠይቁት። ደህና ነኝ ማለቱ መልስ አይደለም።