ለመምህር ወልዱ የጻፍኳቸው ሁለት ማመልከቻዎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ አንድ ብልቃጥ ቀለም፣ ሁለት የብዕር ጫፍና አንድ የተሰነጠቀ የሳንቃ ሣጥን ነበር። ሣጥኑ ጠረጴዛዬ መሆኑ ነው። ቦታው ሰቆጣ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ያለች የወይራ ጥላ ናት። ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቤትም ጥቂት ተቀምጬ፣ ድቁናው አልሆን ሲለኝ ነው ማመልከቻ ጸሐፊ የሆንኩት።

ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ንጉሤ ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ እዚያው ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ቁጡ ናቸው፤ ቀለም ላንጠባጠበ ሰው ርኅራኄ የላቸውም። ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ።

«ባለጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ትለዋለህ?»

«ስምህ ማን ነው እለዋለሁ።»

«አይደለም። ፍርድ ነው ወይስ ምሕረት የምትፈልገው በለው። የተበደለ ፍርድ ይጠይቃል፣ የበደለ ምሕረት ይለምናል። ሁለቱን ባንድ ወረቀት ያደባለቅህ ቀን ሰውየውን ያሰርከው አንተ ነህ።»

ሌላው ሁሉ በእጅ የሚለመድ ነው። በግራ ሦስት ጣት ኅዳግ ትተዋለህ። ካርቦን ገብቶ ግልባጭ ይወጣል። ዋናው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይመታበታል። ከግርጌ ባለጉዳዩ ይፈርማል፣ ፊደል ካልቆጠረ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፤ ከእሱ በታች «ጸሐፊው» ተብሎ የእኔ ስም ይገባል። ያቺን የመጨረሻ መስመር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደድኳትም።

ዓመታት አለፉ፤ የአቶ ንጉሤ ዓይን ደከመና ጥላው ለእኔ ቀረ። የወሰን ክርክር፣ የውርስ መሬት፣ የተሰረቀ ፍየል ስጽፍ ኖርኩ። እጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሹም «ያንተን እጅ ከደጅ ቆሜ አውቀዋለሁ» ሲሉኝ ደረቴን እነፋ ነበር። ጅል ነበርኩ።

መምህር ወልዱ ከሰቆጣ ወደ ቆላ ባለችው በዝቋላ የጽጽቃ ሰው ነው። ሰቆጣ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ከክፍል ሲወጣ ይጽፋል። ዝናቡ ዝቋላ ላይ በቀረበት ዓመት ትምህርት ሲዘጋ አገሩ ወርዶ ከመንደር መንደር በእግሩ ዞረ። የማን ቤት እንደተዘጋ፣ ማን የዱር ሥራሥር ቀቅሎ እንደበላ፣ ማን የት እንደተቀበረ በስም በስሙ ጻፈ። ከሟቾቹ አንዷ የራሱ ታናሽ እህት ነበረች። ስለ እሷም የጻፈው እንደሌሎቹ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ደብተሩን አምጥቶ ሣጥኔ ላይ አስቀመጠው። «የእኔ እጅ የዶሮ ጭረት ነው። ሁለት ገልብጥልኝ» አለኝ። ወዳጄ ነው፤ ገለበጥኩለት። አንዱን አዲስ አበባ ለአንድ ጋዜጣ፣ ሌላውን ደሴ ለአንድ ባለሥልጣን ላከ። ከግርጌ የራሱን ስም ብቻ ጻፈ። «አንተን አላነካካም» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ጋዜጣው አላወጣውም። የደሴው ግን ተመልሶ ሰቆጣ መጣ። ወልዱን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሳለ ወሰዱት፣ የጠመኔው ዱቄት ከእጁ ሳይራገፍ። ክሱ ሐሰት ጽፎ ሕዝብ አሸብሯል የሚል ነበር። ማን ገለበጠው ብለው ሲመረምሩት «እኔው ራሴ» እንዳለ ከወህኒ ቤቱ ዘበኛ ሰማሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ከእኔ ጋር ይቀመጥ ጀመር። በአጠገቤ ኮቴ ሲያልፍ ብዕሬ ይቆማል። ፊደሌን ወደ ግራ አጋደልኩት፣ የ«ለ»ን እግር አሳጠርኩ። ባለጉዳዮቼ «ታመሃል እንዴ? እጅህ ከፋ» ይሉኛል። ሪህ ነው እላለሁ።

እማሆይ ለምለም፣ የወልዱ እናት፣ ከጽጽቃ በእግራቸው መጡ። በስልቻ በሶ ይዘዋል፤ እስረኛ የሚበላው ዘመድ ያመጣለትን ነው። አገውኛ የለመደ አፋቸው አማርኛውን ቆጠብ አድርጎ ነው የሚናገረው።

«ጸሐፊ፣ ልጄ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም፣ እማሆይ።»

«እንግዲያው ጻፍ።»

«ሌላ ጸሐፊ ቢፈልጉ ይሻልዎታል። እጄን አሞኛል።»

«ወልዱ ወዳጄ ነው ብሎ የነገረኝ ያንተን ስም ነው። ሌላውን በምን አውቀዋለሁ?»

ለእናቱ የነገረውን ለመርማሪው አልነገረም። ጻፍኩ። የጠየቅኩት ፍርድ ነበር፦ መምህሩ ያየውን ጻፈ፣ ሐሰት ከሆነ ሰው ተልኮ ይጣራ፣ እስኪጣራ በዋስ ይለቀቅ። እማሆይና አሥራ ሁለት የአገር ሽማግሌዎች ጣታቸውን አሳረፉበት። የራሴን ስም ሳሰፍር ጉንዳን አሳከልኩት። የመዝገብ ቤቱ ሹም መነጽራቸውን አውጥተው ፈለጉትና፣ «ስምህ የት ሄዶ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

መልስ ጠፋ። በየሳምንቱ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ፣ «ለበላይ ቀርቧል» እባላለሁ። አንድ ጠዋት ዘበኛው እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ እንደገባ፣ ሁለት ሰው እንደሞተ፣ ወልዱም ትኩሳት እንደያዘው ነገረኝ። ለጽጽቃ መልእክት ሰደድኩ፦ የአውራጃው ገዥ አቤቱታ የሚሰሙበት ቀን ኑ፣ በብዛት ኑ፣ ደጃቸው ላይ ቁሙ።

እንዴት እንደሚመጡ ግን አልነገርኳቸውም። ስህተቱ የእኔ ነው። ያገሬን ሰው ልማድ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ፍርሃት ልቤን ስለያዘው ሳላስበው ቀረሁ።

ሠላሳ ያህል ሆነው መጡ። ሁሉም ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። እማሆይም ተሸክመዋል። በእኛ አገር የበደለ ሰው ከተበደለው ደጅ የሚወድቀው እንዲህ ነው፤ ደም ያፈሰሰ እንኳ በዚያ ይታረቃል። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«እማሆይ፣ ኧረ ድንጋዩን ያውርዱ! ይሄ እኮ የበዳይ ነው!»

«የተቆጣ ጌታ በባዶ ትከሻ ይለመናል እንዴ፣ ልጄ?»

«እኛ እኮ አልበደለም ብለን ጽፈናል!»

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ሁሉም ባንድ ላይ ተደፉና «ይማሩን ጌታችን! ይማሩልን!» አሉ።

ገዥው ማመልከቻውን ይዘው ወጡ። ኮስታራ ናቸው፣ ግን አልጮኹም። «ይህ ወረቀት አልበደለም ይላል። እናንተ ማሩን ትላላችሁ። የቱን ልመን?» አሉ። «ጸሐፊው የታለ?»

ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ከደሴ የተመለሰው ደብተር ተዘርግቷል፤ እኔ የገለበጥኩት። ማመልከቻውን አጠገቡ አኖሩት። ጣታቸውን ደብተሩ ላይ አሳረፉ፣ ቀጥሎ ማመልከቻው ላይ፣ እንደገና ደብተሩ ላይ።

«መምህሩ እኔ ነኝ የገለበጥኩት ብሏል» አሉ። «አላጣራሁም። ዛሬውኑ የምሕረት ማመልከቻ ካመጣህልኝ ማጣራቱም አያስፈልገኝም። መምህሩ የጻፈው ሐሰት መሆኑን ቤተሰቡ ይመን። እኔም ልጃቸውን እሰጣቸዋለሁ።»

«እሺ፣ ጌታዬ» አልኩ። አንድም ጊዜ «ግን» አላልኩም።

ወይራዋ ሥር ተቀምጬ ባንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። «ልጃችን በዝቋላ ሰው በረሃብ አለቀ ብሎ የጻፈው ሐሰት መሆኑን አምነን፣ በድንቁርና ነውና ምሕረት እንለምናለን።» ያን ቀን ፊደሌን ማጋደሌን ረሳሁ።

እማሆይ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ይማሩልን ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም አስነካሁና ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ጣታቸው በሥራ ብዛት መስመሩ ጠፍቶ ነበርና ሁለት ጊዜ መጫን ነበረብኝ። ሴት ልጃቸውን ከቀበሩ ስድስት ወር አልሞላቸውም። በረሃብ እንዳልሞተች ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። ለወልዱ ሕይወት ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ብዙ ዘመን ነገርኩት፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የራሴ ቆዳ ነው።

ወልዱ በማግስቱ ተፈታ። ሁለት ሰው ደግፎት ወጣ፤ ከሰውነቱ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። እማሆይ መሬት ስመው አለቀሱ፣ የእኔንም ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ወደኋላ ሸሸሁ። የመፈቻው ወረቀት ላይ የማመልከቻው ግልባጭ ተያይዞ ተሰጥቶታል። ግድግዳ ተደግፎ አነበበው። እጄን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

«እናቴ ይህን ታውቃለች?» አለኝ።

«አላነበብኩላቸውም» አልኩት።

«አትንገራት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ባንድ ከተማ ኖርን፤ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። መጻፉንም ተወ።

በዓመቱ የዝቋላ ሰዎች እህል ይላክልን የሚል ማመልከቻ አጻፉኝ። መልሱ ቶሎ መጣ። በአካባቢው ረሃብ አልነበረም፣ ይህንንም ከአካባቢው የሆነ ቤተሰብ ራሱ ፈርሞ አረጋግጧል ይላል፤ እኔ የጻፍኳት ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል ሳይጎድላት ተጠቅሳለች። ለመጡት ሰዎች ማንበብ ነበረብኝ። ሙሉውን አነበብኩላቸው፣ ማን እንደጻፋትም ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀብሎ አራት አጠፈውና በትሩን አንሥቶ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ዛሬ ሥራውን ለያዛችሁት የምለው አንድ ነገር ነው። የባለጉዳዩን ጣት ቀለም ከማስነካታችሁ በፊት የጻፋችሁትን ሙሉውን አንብቡለት። ለማንበብ የፈራችሁት መስመር ካለ ቀድማችሁ እሱን አንብቡለት።