ወለሉ ላይ ያለቀው ቧንቧ

የመጀመሪያ ቀኔ ሰኞ ነበር። ጋሽ ታደሰ ዴንቨር፣ ቻምበርስ ሮድ ካለው አፓርታማችን በመኪናቸው ወስደው ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ወዳለው ኢንጂነሪንግ ቢሮ አደረሱኝ። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፤ ሥራውን ያገኙልኝም እሳቸው ናቸው። ወንበሬን ካሳዩኝ በኋላ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ስኬል ማስመሪያ እጄ ላይ አስቀመጡና «መስመርሽ እንደ አንቺ አይፈር፤ ወፈር አድርጊው» አሉኝ። ባልደረቦቹ አማርኛውን ባይሰሙም ማቀርቀሬን አይተው ሳቁ።

በድራፍተርነት ጀመርኩ። ሥራዬ በካሪቢያን ባሕር ያለች የአንዲት ትንሽ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ አሮጌ ፕላኖችን በኮምፒውተር እንደገና ማስመር ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምሬያለሁ። ባሕር ግን አይቼ አላውቅም።

የቦታው ታሪክ ወረቀቶቹ ላይ ነበር። መጀመሪያ የፖስታ አውሮፕላን የሚያርፍበት የሣር ሜዳ። ቀጥሎ የእንጨት መጠለያና የነዳጅ በርሜሎች ማስቀመጫ። ከዚያ የአስፋልት መንደርደሪያ፣ የመቆጣጠሪያ ማማ፣ የኮንክሪት የመንገደኞች አዳራሽ። እያንዳንዱን ዘመን በተለያየ ቀለም አሰምር ነበር።

ድራፍተር ያሰመረውን ቼከር ያየዋል። ትክክሉን በቢጫ ይቀባል፣ ስህተቱን በቀይ ያርማል። ከዚያ ኢንጂነር አስልቶ ማኅተም ያደርግበታል። ቼከራችን ጋሽ ታደሰ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወረቀቶቼ ሁሉ ስልስ የፈሰሰባቸው ይመስሉ ነበር።

የአዳራሹ ፕላን ላይ አንድ ነገር አልገባኝም። የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን በዓምዶቹ ውስጥ ባለ ቧንቧ ወደ ታች ያወርዳል። ቧንቧው ወለሉ ጋ ሲደርስ መስመሩ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ ቧንቧ የት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ውጭ ነዋ።»

«ግን መስመሩ...»

«አንቺ ልጅ፣ የዝናብ ውኃ ነው እኮ! ፕሪንት አድርጊና አምጪው።»

እሺ አልኩ። ከሥሩ የተሣለ ነገር ስላልነበረ ወለሉ ላይ «መሬት ላይ ያረፈ ኮንክሪት» ብዬ ጻፍኩ። ቢጫ ተቀብቶ ተመለሰልኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ አለቃችንና ኢንጂነራችን ካረን የአንድ ማሽን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አሳየችን። የሻንጣ መፈተሻ ነው፤ ግዝፈቱ ከቆሻሻ መኪና አይተናነስም።

«ደሴቲቱ ወደብ ላይ ደርሷል። ሐሙስ አዳራሹ መሃል ይተክሉታል» አለች። «ወለሉ መሬት ላይ ስላረፈ ይችለዋል።»

ጽሑፉ የእኔ ነበር። ወለሉ ላይ ያለቀው ቧንቧ ትዝ አለኝ፤ ውኃው የሚሄደው ወለሉ ሥር ቢሆንስ?

ለማላውቀው ሰው መደወል እንደ መርፌ እፈራለሁ። በምሳ ሰዓት ግን ለአውሮፕላን ማረፊያው የጥገና ኃላፊ፣ ለክላይቭ፣ በቪዲዮ ደወልኩ። ያዘጋጀሁት ጥያቄ ከአፌ ጠፋ። «እባክህ ወለሉን በሆነ ነገር ምታልኝ» አልኩት።

«ዴንቨር ከበሮ አማራት?» ብሎ ሳቀና የመጥረጊያውን እንጨት ገለበጠው።

ግድግዳው ጥግ ሲመታ ድምፁ ደረቅ ነበር። መሃል ላይ ሲመታ አዳራሹ በሙሉ አስተጋባ። ከኋላው በረራ የሚጠብቁ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ይታዩኝ ነበር።

«ሥሩ ምንድን ነው?»

«የውኃ ጉድጓድ ነዋ! እኛ እኮ ወንዝ የለንም። ድሮ የምንጠጣው ከዚህ ጣሪያ የወረደውን ነበር። አባቴ በገመድ እያወረደ ጉድጓዱን አሳጥቦኛል።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ሙሉ ነው። የባሕር ውኃ ማጣሪያ ከተሠራ ወዲህ የሚከፍተው የለም እንጂ።»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

«እዚህ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጠየቀን የለም።»

ያንን ማሽን ውኃ በሞላ ጉድጓድ ክዳን ላይ ልናቆመው ሁለት ቀን ቀርቶን ነበር። ተማሪዎቹ የሚቀመጡት እዚያው ክዳን ላይ ነው።

በቀጥታ ካረን ጋ መሄድ ነበረብኝ። እግሬ ግን ወደ ጋሽ ታደሰ ጠረጴዛ ወሰደኝ። እሳቸው ሳይሰሙ ለአለቃ መናገር ከጀርባ ማሳጣት መሰለኝ። እንደሚቆጡኝ እያሰብኩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔም ጠይቄ ነበር» አሉ። «ካረንን። ‹ወደ ውጭ ይሆናል› አለችኝ። እሺ አልኳት።»

ከማሽኑም ከውኃውም በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ሃያ ዓመት የሠሩ ሰው፣ ልክ እንደ እኔ፣ እሺ ብለው አልፈዋል።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ። በገዛ ቢጫቸው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አሰመሩበት።

«ተነሺ። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

ገብቼ ክላይቭ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ካረን ፊቷ አመድ መሰለ። ሳትቀመጥ ወደ ደሴቲቱ ደወለች፤ ማሽኑ ከወደቡ እንዳይወጣ ተደረገ። በኋላ ከአዳራሹ ውጭ የራሱ መሠረት ተሠራለት።

ጉድጓዱ ሲመጠጥ ክላይቭ ፎቶ ላከልኝ። ግድግዳው ላይ በልጅነቱ የጫረው ስሙ ይነበባል። ዓይኔ የቀረው ግን ክዳኑ ላይ ነበር። ውፍረቱ ጋሽ ታደሰ ከሰጡኝ ማስመሪያ ርዝመት ያንሳል።

እሳቸው አሁን ጡረታ ወጥተው ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። ቼከሯ እኔ ነኝ። መስመሩ ወለል ላይ ያለቀበትን ወረቀት ቢጫ አልቀባም። ወደ ውጭ ነው ካሉኝ ውጭው የታየበትን ፕላን እጠይቃለሁ። ፕላኑ ከሌለ ቦታው ላይ ላለ ሰው እደውላለሁ። መደወል አሁንም እፈራለሁ። እደውላለሁ።